የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍተቶች ስታቲስቲካዊ ሞዴል

የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍተቶች ስታቲስቲካዊ ሞዴል ማለት በአንድ የምድር ስንጥቅ ላይ በሚደርሱ ሁለት ተከታታይ ትላልቅ የመሬት መንቀጥቀጦች መካከል የሚያልፈውን ጊዜ በዕድል ሒሳብ የሚገልጽ ዘዴ ነው። ዘዴው «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቀን ቆርጦ አይመልስም። የሚመልሰው «ካለፈው መንቀጥቀጥ ወዲህ ይህን ያህል ዓመት ካለፈ፣ በሚቀጥሉት 10፣ 30 ወይም 50 ዓመታት ውስጥ ሌላ የመድረሱ ዕድል ስንት ነው?» የሚለውን ነው። የሚገኘው ቁጥር በሕንፃ ደንቦች፣ በግድብና በድልድይ ንድፍ፣ በኢንሹራንስ ዋጋና በከተሞች የአደጋ ዝግጅት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሞዴሉ የተሳሳተ ቢሆን ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። «መጠን» ሲባል በዜና ብዙ ጊዜ «በሬክተር ስኬል» ተብሎ የሚነገረው የመንቀጥቀጥ ኃይል መለኪያ ነው፤ ባለሙያዎች ግን ለትላልቅ መንቀጥቀጦች ዛሬ የሚጠቀሙት የሞመንት መለኪያ የተባለውን ነው።

ክፍተት ለምን ይኖራል?

የምድር ቅርፊት በትላልቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹ በዓመት ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ይንቀሳቀሳሉ። በድንበራቸው ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ጂኦሎጂስቶች ፎልት የሚሉት፣ በሰበቃ ተጣብቆ ስለሚቆይ አብሯቸው በቀስታ አይንሸራተትም። በዚህ ምክንያት በዙሪያው ያለው ዓለት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ውጥረቱ ሰበቃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሲሆን ስንጥቁ በድንገት ይንሸራተታል፤ የተለጠጠው ዓለትም ወደ ቦታው ይመለሳል። የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው ይህ ድንገተኛ መመለስ የሚያስነሣውን ሞገድ ነው።

ይህን ንድፈ ሐሳብ በ1910 ያቀረበው አሜሪካዊው ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ ነው። መነሻ የሆነው ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው መንቀጥቀጥ ነበር። በዚያን ዕለት የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ 470 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ተቀደደ። ከዚያ በፊት በቀያሾች ተለክተው የነበሩ ነጥቦች እንደገና ሲለኩ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው መሬት በተቃራኒ አቅጣጫ መሄዱ ታየ።

ከዚህ ሐሳብ አንድ ቀላል ስሌት ይወጣል። ሰሌዳዎቹ በዓመት 20 ሚሊሜትር ቢንቀሳቀሱና ስንጥቁ በአንድ ትልቅ መንቀጥቀጥ 4 ሜትር ቢንሸራተት፣ ያን 4 ሜትር ለማጠራቀም 200 ዓመት ይፈጃል። ይህ አማካይ ነው፤ አማካዩ ደግሞ የጉዳዩ ቀላል ክፍል ነው። አስቸጋሪው ነገር ክፍተቶቹ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዋዥቁ ማወቅ ነው። በየ200 ዓመቱ ሳያዛንፍ የሚመጣ መንቀጥቀጥና አንዴ በ40፣ አንዴ በ360 ዓመት የሚመጣ መንቀጥቀጥ አማካያቸው እኩል ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ለሚኖር ከተማ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

መረጃው ከየት ይገኛል?

መንቀጥቀጥን የሚመዘግቡ መሣሪያዎች በዓለም ላይ መሥራት የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የአብዛኞቹ ትላልቅ ስንጥቆች ክፍተት ግን በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ስለሚለካ፣ መሣሪያዎቹ ያዩት ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ክስተት ነው። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ በገዳማትና በቤተ መንግሥታት የተጻፉ መዛግብት ይረዳሉ። ከዚያም ወዲያ ለመሄድ መሬቱን መቆፈር ያስፈልጋል።

የቁፋሮው ዘዴ በብዙ የታወቀው ኬሪ ሲ በ1970ዎቹ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ምሥራቅ 55 ኪሎሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ፓሌት ክሪክ በሠራው ጥናት ነው። ቦታው ጥንት ረግረግ ስለነበር አሸዋና የበሰበሰ ዕፅዋት ተራ በተራ ተነባብረውበታል። ስንጥቁን አቋርጦ ቦይ ሲቆፈር አንዳንዱ ንብብር ተቆርጦ፣ ከላዩ ያለው ግን ሳይቆረጥ ይገኛል። መንቀጥቀጡ የደረሰው በሁለቱ መካከል በነበረው ጊዜ ነው ማለት ነው። ዘመኑ የሚታወቀው የዕፅዋቱን ራዲዮካርቦን በመለካት ነው። በ1989 የታተመው የተሻሻለ ውጤት በአሥር መንቀጥቀጦች መካከል ያለውን አማካይ ክፍተት 132 ዓመት ገደማ አደረገው። ከአማካዩ ይልቅ ትኩረት የሳበው ግን አሰላለፉ ነበር፦ ሁለት ወይም ሦስት መንቀጥቀጦች ከመቶ በማይበልጥ ዓመት ልዩነት ተከታትለው ይመጡና ከሁለት እስከ ሦስት መቶ ዓመት የሚደርስ ዝምታ ይከተላል። በዚያ ቦታ የመጨረሻው የ1857ቱ ነው።

በኒውዚላንድ የሚገኘው የአልፓይን ስንጥቅ ተቃራኒውን ጠባይ ያሳያል። በ2012 በወጣ ጥናት ሆኩሪ ክሪክ በተባለ ቦታ የ8,000 ዓመት ታሪክ ያላቸው 24 መንቀጥቀጦች ተለይተው አማካይ ክፍተታቸው 329 ዓመት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 68፣ ሆኖ ተገኘ። ለተፈጥሮ ክስተት ይህ የሚያስገርም ሥርዓት ነው። ይህ ስንጥቅ ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የተንቀሳቀሰው በ1717 ነው። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ውስጥ እንደገና የመንቀሳቀሱን ዕድል 75 በመቶ ብሎ ገምቷል።

ትውስታ የሌለው ሞዴል

ቀላሉ ሞዴል በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በሲሜዮን ደኒ ፖይሰን ስም የሚጠራው የፖይሰን ሂደት ነው። ሞዴሉ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም አማካይ ክፍተት ነው። የዕድሉ ቀመር የሚከተለው ነው፦

ዕድል = 1 − 2.718^(−ጊዜ ÷ አማካይ ክፍተት)

በቀመሩ ውስጥ «ካለፈው መንቀጥቀጥ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ?» የሚል ነገር የለም። ትላንት መንቀጥቀጥ ደረሰም፣ ለሦስት መቶ ዓመት ዝም ተባለም፣ የነገው ዕድል ያው ነው። ለዚህ ነው ሂደቱ ትውስታ የለውም የሚባለው። መርሐ ግብር የሌለውን ሚኒባስ ታክሲ የጠበቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ግማሽ ሰዓት መቆሙ ታክሲውን አያቀርበውም።

በሪድ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ውጥረት የሚጠራቀም ከሆነ ይህ ሞዴል ለአንድ ስንጥቅ ትክክል ሊሆን አይገባውም። ሆኖም ብዙ ስንጥቆች ላሉበት ሰፊ አካባቢ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል፤ የእያንዳንዱ ስንጥቅ ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ስለማይገጥም ድምራቸው የዘፈቀደ ይመስላል። በቅድሚያ ግን ትልቁን መንቀጥቀጥ ተከትለው የሚመጡትን መለየት ያስፈልጋል። ጃፓናዊው ፉሳኪቺ ኦሞሪ በ1894 እንዳሳየው የተከታዮቹ ብዛት ከዋናው መንቀጥቀጥ በኋላ ባለፈው ጊዜ ልክ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ትውስታ ነው። ጋርድነርና ክኖፖፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 የደቡብ ካሊፎርኒያ መንቀጥቀጦች ተከታዮቹ ከተነሡላቸው በኋላ የፖይሰንን ሕግ ይከተሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተሙ። የጽሑፉ አጭር መግለጫ «አዎ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በሙያው ከታተሙት ሁሉ አጭሩ ሳይሆን አይቀርም።

ትውስታ ያለው ሞዴል

ሁለተኛው ቤተሰብ የእድሳት ሂደት ይባላል። እዚህ እያንዳንዱ ትልቅ መንቀጥቀጥ ሰዓቱን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ ባለፈው ጊዜ ላይ ይመረኮዛል። የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ አማካዩ ነው። ሌላው የክፍተቶቹን መዋዠቅ የሚለካውና ብዙ ጊዜ በአልፋ የሚወከለው ነው፤ አልፋ የሚገኘው በግምት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ለአማካዩ በማካፈል ነው። ዜሮ የሆነ አልፋ ያለማዛነፍ የሚሠራ ሰዓት ማለት ሲሆን፣ ወደ 1 የተጠጋ አልፋ በመዋዠቁ ረገድ ከፖይሰን ብዙም አይለይም። ከላይ የተጠቀሰው የአልፓይን ስንጥቅ አልፋ ከ0.3 ብዙ የራቀ አይደለም።

ለሥርጭቱ ቅርጽ በተለያየ ጊዜ ቫይቡል፣ ሎግኖርማልና ጋማ የተባሉ ሥርጭቶች ተሞክረዋል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት ማቲውስ፣ ኤልስወርዝና ሪዘንበርግ በ2002 ያቀረቡት የብራውን ሞዴል ነው። ሐሳቡ የሪድን ንድፈ ሐሳብ ወደ ሒሳብ ይለውጠዋል። ውጥረቱ በቋሚ ፍጥነት ይጨምራል፤ በዚያ ላይ የጎረቤት መንቀጥቀጦች፣ የከርሰ ምድር ውኃና ሌሎች ጥቃቅን ምክንያቶች በዘፈቀደ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ ድምሩ የተወሰነ ጣሪያ ሲነካ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ጣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ ሥርጭት ለፊዚክስ አዲስ አልነበረም፤ ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1915 ስለ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ሲያጠና አግኝቶት ነበር።

በነዚህ ሥርጭቶች መካከል ያለው ልዩነት አማካዩ አካባቢ ጎልቶ አይታይም። የሚለያዩት ክፍተቱ በጣም ሲረዝም ነው። «እስከ ዛሬ ካልመጣ፣ ዘንድሮ የመምጣቱ ሥጋት ምን ያህል ነው?» ብንል ቫይቡል፣ ቁጥሮቹ የተወሰነ ሥርዓት የሚያሳዩ ከሆነ፣ ሥጋቱ ያለ ገደብ ያድጋል ይላል። ሎግኖርማል ሥጋቱ ከፍ ብሎ ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይወርዳል ይላል፤ ይህ ውጥረት ይጠራቀማል ከሚለው ሐሳብ ጋር ለማስታረቅ ያስቸግራል። በብራውን ሞዴል ሥጋቱ ውሎ አድሮ በአንድ ቋሚ ደረጃ አካባቢ ይረጋል። አልፋ 0.5 ከሆነ ደረጃው ፖይሰን ከሚሰጠው ሁለት እጥፍ ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ በመረጃ ለመለየት በጣም የዘገዩ ብዙ ክፍተቶች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱ ደግሞ ከሁሉም የሚያንሱት ናቸው።

ፓርክፊልድ

ሞዴሎቹ በአደባባይ የተፈተኑት በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ በምትገኘው በፓርክፊልድ ነው። ፓርክፊልድ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት። የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ከመንደሯ በስተሰሜን ምዕራብ ሳይቆለፍ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ከ1857 ጀምሮ ተቆልፏል። በመካከል ባለው ቁራጭ ላይ መጠናቸው 6 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጦች በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 ደርሰዋል። ክፍተቶቹ 24፣ 20፣ 21፣ 12 እና 32 ዓመት ናቸው፤ አማካያቸው 21.8 ነው።

ባኩንና ሊንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ቀጣዩ በ1988 ገደማ እንደሚሆንና በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ1993 በፊት እንደሚደርስ ጻፉ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት መንደሯን በመሣሪያ ከበባት። 1988 አለፈ፤ 1993ም አለፈ። መንቀጥቀጡ የመጣው ሴፕቴምበር 28 ቀን 2004 ሲሆን መጠኑ 6.0 ነበር። ቦታውና መጠኑ እንደተባለው ሆነ፤ ጊዜው ግን ከተተነበየው መካከለኛ ቀን 16 ዓመት ዘገየ። በ1934 እና በ1966 ዋናው ከመድረሱ 17 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ መጠኑ 5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ታይቶ ነበር፤ በ2004 ግን ምንም ምልክት አልቀደመም። የስንጥቁ መቀደድም ከቀደሙት በተቃራኒ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄደ።

ስሕተቱ የት ነበር? በ1993 ጄምስ ሳቬጅ የፓርክፊልድ ትንበያ መሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን የሚሞግት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ ክርክሩን ለመረዳት የአምስቱን ክፍተቶች ቁጥር መመልከት ይበቃል። ትንበያው የጠበበው የ1934ቱ መንቀጥቀጥ «አሥር ዓመት ቀድሞ የመጣ» ልዩ ሁኔታ ተደርጎ ስለተወሰደ ነው። አምስት ቁጥሮች ብቻ ባሉበት አንዱን ማንሣት ቀላል ነገር አይደለም። አምስቱንም እንዳሉ ብንወስዳቸው ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 7.2 ዓመት ነው። ናሙናው ትንሽ መሆኑን ከግምት የሚያስገባውን የቲ ሥርጭት ተጠቅመን ለቀጣዩ መንቀጥቀጥ የ95 በመቶ ወሰን ብናሰላ፣ ወሰኑ ከ1966 ማግስት ጀምሮ እስከ 2010 ይዘረጋል። እንዲህ ያለ ትንበያ ለጋዜጣ አርእስት አይመችም፤ የ2004ቱን ግን በውስጡ ይዞታል።

ኮምፒውተር ያለው አንባቢ ነገሩን ራሱ ሊሞክረው ይችላል። ትውስታ ከሌለው ሂደት በዘፈቀደ አምስት አምስት ክፍተቶችን ደጋግሞ ቢያወጣ፣ ከነዚህ አምስቶች አንዳንዶቹ እንደ ሰዓት የተስተካከሉ መስለው ይገኛሉ። ዓይናችን ሥርዓት ለማየት ይቸኩላል፤ አምስት ቁጥር ደግሞ ይህን ችኮላ ለመግታት አይበቃም።

የ38 ዓመቱ ክፍተት ሲጨመር አማካዩ 24.5፣ አልፋውም 0.4 ገደማ ይሆናል። በነዚህ ቁጥሮች ሁለቱን ሞዴሎች ማነጻጸር ይቻላል። በፖይሰን ሞዴል በማንኛውም 10 ዓመት ውስጥ የመድረሱ ዕድል ሁልጊዜ 34 በመቶ ያህል ነው። በብራውን ሞዴል ግን ከመንቀጥቀጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 10 ዓመታት ዕድሉ 1.5 በመቶ ብቻ ነው፤ 20 ዓመት ሳይደርስ ካለፈ ደግሞ ለተከታዩ 10 ዓመት 62 በመቶ ይሆናል። አልፋው በእርግጥ 0.4 ነው ወይ? በስድስት ክፍተቶች ይህን አረጋግጦ መናገር አይቻልም። አልፋን 0.7 ብናደርገው 62 በመቶው ወደ 46 በመቶ ይወርዳል። በዜና የሚሰማ አንድ ቁጥር ከኋላው እንዲህ ያለ ሰፊ ወሰን አለው።

በናንካይ የወደብ ልኬት

ከአማካይ ክፍተት የተሻለ ነገር ፍለጋ ሺማዛኪና ናካታ በ1980 ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ስንጥቁ ሁልጊዜ በአንድ የውጥረት ጣሪያ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ፣ የሚቀጥለው ክፍተት ርዝመት የሚወሰነው ባለፈው መንቀጥቀጥ በለቀቀው መጠን ነው፤ ብዙ ከለቀቀ ለመሙላት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በጃፓን ደቡብ ጠረፍ ባለው የናንካይ ረባዳ ላይ በ1707፣ በ1854 እና በ1946 ትላልቅ መንቀጥቀጦች ሲደርሱ የሙሮቶ አካባቢ ወደብ በቅደም ተከተል 1.8፣ 1.2 እና 1.15 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው 147 ዓመት፣ ሁለተኛው 92 ዓመት አቆየ። የመሬቱን ከፍታ ከክፍተቱ ጋር በማመጣጠን ሲሰላ የሦስተኛው 88 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ወደ 2034 ያመለክታል። የጃፓን መንግሥት የመንቀጥቀጥ ጥናት ኮሚቴ ለረጅም ጊዜ ያወጣው የነበረው የ30 ዓመት ዕድል፣ በ2025 መጀመሪያ 80 በመቶ ገደማ የነበረው፣ በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው።

መሠረቱ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተገኙት ከዘመናዊ ቅየሳ በፊት በወደቡ ላይ ከተወሰዱ ልኬቶች ነው። በሴፕቴምበር 2025 ኮሚቴው የልኬቶቹን አጠራጣሪነት አስገብቶ ግምቱን «ከ60 እስከ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ» ወደሚል ሰፊ ወሰን ለወጠው፤ በዚያው ጊዜ የመሬቱን ከፍታ ትቶ ክፍተቶቹን ብቻ የሚመለከተው የብራውን ሞዴል ከ20 እስከ 50 በመቶ እንደሚሰጥ ገለጸ። በፓርክፊልድ ይኸው ሐሳብ ሲፈተን ቀደም ብሎ ወድቆ ነበር፦ ሙሬይና ሴጋል በ2002 እንዳሳዩት በ1966 የተለቀቀው ውጥረት በ1973 እና በ1987 መካከል ተመልሶ ሞልቶ ነበር፤ መንቀጥቀጡ ግን አልመጣም።

ከጃፓን ሌሎች ሁለት ምሳሌዎች መጠቀስ ይገባቸዋል። በሚያጊ ጠረፍ መጠኑ 7.5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ በአማካይ በየ37 ዓመቱ ስለሚደርስ የ30 ዓመት ዕድሉ 99 በመቶ ተብሎ ነበር። ማርች 11 ቀን 2011 የመጣው ግን ብዙ የስንጥቁን ክፍሎች በአንድ ጊዜ የቀደደ መጠኑ 9.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሞዴሉ ስለ ጊዜው ተናግሮ ስለ ስፋቱ አልተናገረም። በ2016 በኩማሞቶ የተንቀሳቀሰው የፉታጋዋ ስንጥቅ በበኩሉ የተሰጠው የ30 ዓመት ዕድል ከ0.9 በመቶ አይበልጥም ነበር። ይህን እንደ ሞዴሉ ውድቀት መቁጠር ግን አይገባም። ጃፓን ውስጥ ዝቅተኛ ዕድል የተሰጣቸው ስንጥቆች ብዙ ናቸው፤ ከብዙ መካከል አንዱ መንቀሳቀሱ የሚጠበቅ ነው።

ጎረቤት ስንጥቆች

እስካሁን እያንዳንዱ ስንጥቅ ብቻውን እንዳለ ተቆጥሯል። በቱርክ ያለው የሰሜን አናቶሊያ ስንጥቅ ይህን ያፈርሳል። ከ1939ኙ የኤርዚንጃን መንቀጥቀጥ ጀምሮ በ1942፣ በ1943፣ በ1944፣ በ1957፣ በ1967 እና በ1999 በአብዛኛው ወደ ምዕራብ እየተጓዙ ትላልቅ መንቀጥቀጦች ደረሱ። አንዱ ክፍል ሲንሸራተት የራሱን ውጥረት ይለቅና የጎረቤቱን ይጨምራል፤ የጎረቤቱ ሰዓት ወደፊት ይዘላል ማለት ነው። ፓርሰንስና ባልደረቦቹ በ2000 ይህን ዝላይ በእድሳት ሞዴል ውስጥ አስገብተው በ30 ዓመት ውስጥ ኢስታንቡልን በኃይል የሚያናውጥ መንቀጥቀጥ የመድረሱን ዕድል 62 በመቶ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 15፣ ብለው አሰሉ።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከካሊፎርኒያና ከጃፓን በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ዋናው ስምጥ ሸለቆ የሚከፈተው በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የአንድ ስንጥቅ ክፍተት በጣም ረጅም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመሬቱ መከፈት ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ከሥር የሚገባው ቅልጥ ዓለት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቅልጥ ዓለት ግድግዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቅርፊቱ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። በዓመት 2 ሴንቲሜትር ገደማ ለሚላቀቅ አካባቢ ይህ የ400 ዓመት ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 2010 ድረስ አነስ ያሉ ግድግዳዎች በወራት ልዩነት ተከታትለው ገቡ። መቶ ዓመታትን ይጠብቅ የነበረው ሰዓት በወራት መቁጠር ጀመረ፤ አንድ አማካይ ክፍተት እነዚህን ሁለት የጊዜ ልኮች ሊይዝ አይችልም።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የታየውም ከዚሁ ወገን ነው። ከመስከረም ጀምሮ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ በታኅሣሥና በጥር በርትቶ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሳይቀር ተሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደረገ። ትልቁ፣ መጠኑ 6.0 የሆነው፣ የካቲት 7 ቀን ደረሰ። ለእንዲህ ያለ ጅምላ መንቀጥቀጥ የእድሳት ሞዴል አይጠቅምም። የሚስማማው እያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ሌሎችን ሊወልድ ይችላል ብሎ የሚነሣውና ዮሲሂኮ ኦጋታ በ1988 ያቀረበው ሞዴል ነው፤ እርሱም ቢሆን ቅልጥ ዓለቱ ራሱ የሚጨምረውን ግፊት ለብቻው ማስላት አለበት።

በዚያ ሰሞን አንድ የተለመደ አቆጣጠር ይሰማ ነበር፦ የ1906ቱን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የደረሰውን፣ የ1961ዱን የካራ ቆሬን፣ የ1969ኙን የሰርዶን፣ የ1989ኙን የዶቢን መንቀጥቀጥ በአንድ መስመር ደርድሮ ክፍተቱን መቁጠርና «ጊዜው ደርሷል» ማለት። እነዚህ ግን በመቶ ኪሎሜትሮች የሚራራቁ የተለያዩ ስንጥቆች ክስተቶች ናቸው። ለሀገሪቱ አጠቃላይ የፖይሰን ምጣኔ ለማስላት ይጠቅማሉ፤ የአንዱ መድረስ የሌላውን ሰዓት ወደ ዜሮ ስለማይመልስ ግን የእድሳት ሞዴል አይሠራባቸውም። ዝርዝሩ ራሱ የተገኘው በብዙ ድካም ነው። በአዲስ አበባ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ፒየር ጉዋን ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ጽሑፎች እየለቀመ በ1979 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

በሀገሪቱ የሕንፃ ደንብ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ትውስታ ከሌለው ሞዴል የመጡት ለዚህ ነው። የ1995ቱ ደንብ ሕንፃዎች እንዲቋቋሙት ይጠይቅ የነበረው የመመለሻ ጊዜው 100 ዓመት የሆነ የመሬት መናወጥን ነበር። ከላይ ባለው ቀመር ሲሰላ፣ 50 ዓመት የሚያገለግል ሕንፃ በዕድሜው ከዚያ የበረታ መናወጥ የማየቱ ዕድል 39 በመቶ ነው። የ2015ቱ ደንብ የመመለሻ ጊዜውን ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ ዕድሉም ወደ 10 በመቶ ወረደ። 475 ዓመት ሲባል መናወጡ በየ475 ዓመቱ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ «በ50 ዓመት ውስጥ 10 በመቶ» የሚለውን ውሳኔ በፖይሰን ቀመር ወደ ዓመት በመለወጥ የተገኘ ነው። በሁለቱ ደንቦች መካከል ባሉት ሃያ ዓመታት የተነደፉት የአዲስ አበባ፣ የአዳማና የሐዋሳ ፎቆች ዛሬም የሚኖሩት በመጀመሪያው ቁጥር ነው።